ትምህርትን በሰውነት ልክ መስፋት
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



ልብስ ሰፊ ደንበኛው ሲመጣ ሜትሩን አንሥቶ ትከሻውን፥ ደረቱንና ወገቡን ይለካል፤ ከዚያም ጨርቁን በልኩ ይቆርጣል። ልብሱ ጠቦ ቢገኝ የሚወቀሰው ሰፊው ነው እንጂ የደንበኛው ትከሻ አይደለም። በልብስ ረገድ ይህን የሚከራከር የለም። በሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት ረገድ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ሆኖ ይታያል። ተማሪው ከትምህርቱ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ጥፋቱ የገላው ነው ይባላል። በዛሬው ንግግራችን ይህ ስሕተት ጎልቶ ስለሚታይበት አንድ ሙያ፥ ይኸውም ስለ ዮጋ መምህርነት እንናገራለን፤ መምህራኑ ሰውነታቸው ገዘፍ ያለ ሰዎችን በሚገባ ያስተምሩ ዘንድ ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸውም እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዮጋ በሕንድ አገር የተወለደ፥ ዕድሜው እጅግ የጠና ሥርዓት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በምንጣፍ ላይ እጅና እግርን እንደ ማጠፍና እንደ መዘርጋት አድርጎ ቢሆንም፥ የጥንቱ ዮጋ ይልቁንም ሐሳብን መሰብሰብንና ትንፋሽን መግዛትን የሚያስተምር ነበር። ፓታንጃሊ የተባለው ሊቅ እንደ ጻፈው በሚነገረው የዮጋ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት 200 ያህል አጫጭር አንቀጾች መካከል ስለ ሰውነት አቋም የሚናገሩት 3 ብቻ ናቸው። እነርሱም አቋሙ የጸናና የተመቸ እንዲሆን ያሳስባሉ እንጂ፥ ስለ ወገብ ቅጥነትም ሆነ ስለ እግር አዘረጋግ የሚሉት ነገር የለም።

አሁን በየአገሩ የምናየው ዮጋ መልኩን የያዘው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ክሪሽናማቻርያ የተባሉት መምህር በደቡብ ሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ልጆች ስለ ነበሩ፥ ልምምዱም ለጋ ሰውነት የሚችለው ብርቱ እንቅስቃሴ የበዛበት ነበር። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዷ ኢንድራ ዴቪ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሆሊውድ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሌላው ደቀ መዝሙር አየንጋር በ1966 ያሳተሙት መጽሐፍ 200 የሚያህሉ አቋሞችን ወደ 600 በሚጠጉ ፎቶግራፎች እያሳየ በዓለም ተሰራጨ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2014 በወሰነው መሠረት፥ ከ2015 ጀምሮ ጁን 21 ቀን፥ ማለት በእኛ ሰኔ 14 ቀን፥ ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ነገር ግን ልምምዱ ሲስፋፋ የአንድ ዓይነት ገላ ሥዕልም አብሮት ተስፋፋ። በመጽሔቱ፥ በማስታወቂያውና በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚታየው ዘወትር ቀጭን፥ ወጣትና እንደ ሐረግ የሚተጣጠፍ ሰው ሆነ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ዮጋ ለዚያ ዓይነት ሰው የተሠራ መስሎት ቀረ።

እስቲ አንዲት ሴት በዓይነ ልቡናችን እንመልከት። በአንድ የአሜሪካ ከተማ የምትኖር፥ ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ የምትውል፥ ሰውነቷ ወፈር ያለ ሴት ናት። ጀርባዋን ስላመማት ሐኪሟ እንቅስቃሴ እንድታደርግ መክሯታል። ብዙ ቀን ስታመነታ ቆይታ አንድ ማታ ወደ ዮጋ ትምህርት ቤት ትገባለች። የሚሰጣት ምንጣፍ የተለመደው ነው፤ ስፋቱ 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መምህርቱ ተማሪዎቹን ሁለት እጃችሁን መሬት አስነክታችሁ አንድ እግራችሁን በእጆቻችሁ መካከል ወደ ፊት አምጡ ትላለች። ሴትዮዋ እግሯን ስታነሣ ጭኗ ከሆዷ ጋር ይጋጠምና እግሩ መንገድ ላይ ይቀራል። መምህርቱም በቅን ልቡና፥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፥ «ያልቻላችሁ ዐረፍ በሉ» ትላለች። በክፍሉ ውስጥ ያልቻለች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዓይን ሁሉ ወደ እርሷ ይዞራል። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ትቆይና አመስግና ትወጣለች፤ ተመልሳ ግን አትመጣም።

ማንም አልሰደባትም፤ ማንም ክፉ አልተናገራትም። ይሁን እንጂ ከዚያች ማታ በኋላ ሕመሟ ከነ ጀርባዋ አብሯት ይኖራል፤ ለሐኪሟም «ሞክሬ ነበር፥ ሰውነቴ አልሆነልኝም» ብላ ትመልሳለች። ጉዳዩ የስሜት ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እንደዚህች ሴት ያለ ሰው በጣት የሚቆጠር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ በ2022 ክብደታቸው ከተወሰነው ልክ በላይ የሆነ ዐዋቂዎች ቍጥር 2.5 ቢሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከእነርሱም 890 ሚሊዮን ያህሉ ከፍ ያለ ውፍረት ያላቸው ናቸው። ይኸው ድርጅት በ2020 ባወጣው መምሪያ፥ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እንቅስቃሴ ክብደት ባይቀንስ እንኳ ለልብ፥ ለደም ግፊት፥ ለእንቅልፍና ለመንፈስ እርጋታ ጠቃሚ መሆኑ የታወቀ ነው። እንዲሁም በውፍረቱ ምክንያት የተዋረደ ሰው ከእንቅስቃሴ ይሸሻል እንጂ ወደ እንቅስቃሴ እንደማይገፋ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ አንዲት ያልታሰበች ቃል ተማሪውን ከበር ብትመልሰው፥ የመለሰችው እጅግ ከሚያስፈልገው ነገር ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መምህርቱ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ያልተማረችውን ልታስተምር አልቻለችም እንጂ። በአሜሪካ በ1999 የተቋቋመው ዮጋ አሊያንስ የተባለው ማኅበር ለመምህራን ምዝገባ ባወጣው ደረጃ መሠረት፥ የመጀመሪያው ሥልጠና 200 ሰዓት ነው። ዕጩ መምህራኑ በዚህ ጊዜ ውስጥ የአቋሞቹን ስም፥ የአጥንትና የጡንቻን ትምህርት፥ የዮጋን ታሪክና የማስተማርን ዘዴ ይማራሉ። የማስተማር ልምምዱን ግን የሚያደርጉት እርስ በርሳቸው ነው። ዕጩዎቹ ሁሉ ቀጫጭንና ተለማማጆች ከሆኑ፥ ከሥልጠናው የሚወጡት እንደ ራሳቸው ያለውን ገላ ብቻ ማስተማር ችለው ነው። ቅን ልቡና መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ዕውቀትን አይተካም።

ይህን ጉድለት አስተውለው ሥልጠናውን ለማረም የተነሡ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ በቴነሲ ክፍለ አገር አና ጌስት ጄሊ የተባሉት መምህርት ገላዬ ለዮጋ የሚመች እስኪሆን ልጠብቅ እያሉ ለዓመታት ከተለማመዱ በኋላ፥ ጉድለቱ የገላቸው ሳይሆን እንዲህ ያለውን ገላ የማስተማር ዕውቀት የሌላቸው የመምህራኑ መሆኑን ተረዱ። ከዚያም ሌሎች መምህራንን ማሠልጠን ያዙ፤ መጽሐፋቸውም በ2017 ታትሟል። በዚያው ዓመት ጄሳሚን ስታንሊ የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ግዙፍ በሆነው የራሳቸው ሰውነት አቋሞቹን እያሳዩ መጽሐፍ አሳተሙ። በካናዳ የሚኖሩት ዳያን ቦንዲና አሜሪካዊቱ አምበር ካርንስ ደግሞ ለመምህራን ብቻ የተዘጋጀ የሥልጠና ትምህርት አቋቁመዋል። ጂቫና ሄይማን የተባሉትም መምህር በሳን ፍራንሲስኮ ከኤይድስ ጋር ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን በማስተማር ጀምረው፥ አካል ጉዳተኞችን፥ ሽማግሌዎችንና ወፋፍራሞችን የሚያቅፍ እንቅስቃሴ መሥርተዋል።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሥልጠና ውስጥ ዕጩው መምህር ምን ይማራል? ዋና ዋናውን በየተራው እንመልከት።

አንደኛ፤ ሥጋም እንደ አጥንት ቦታ እንደሚይዝ ይማራል። በተለመደው ትምህርት አንድ ሰው ጎንበስ ማለት ሲሳነው ጅማቱ ስለ ጠነከረ ነው ይባላል። ወፍራም ሰው ግን ጅማቱ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ሆዱና ጭኑ ስለ ተገናኙ ብቻ ሊቆም ይችላል። መድኃኒቱም ሌላ ነው፤ በጉልበት መግፋት ሳይሆን ቦታ ማስፋት ነው። እግር ገጥሞ ከመቆም ይልቅ በዳሌ ስፋት ወይም ከዚያ በላይ ከፍቶ መቆም፥ ተንበርክኮ ወደ ፊት በሚደፉበት ጊዜ ጉልበትን ለያይቶ ለሆድ ስፍራ መስጠት፥ ተቀምጦ በሚጎነበሱበት ጊዜ የሆድን ወይም የጭንን ሥጋ በእጅ ፈቀቅ ማድረግ ይገባል። መምህሩ ይህን የመጨረሻውን ነገር ሳያፍርና ሳያሳፍር፥ ክንዳችሁን አንሡ እንደሚል ያህል በተራ ድምፅ መናገር አለበት።

ሁለተኛ፤ በመደገፊያ ዕቃዎች መጠቀምን ይማራል። ከቡሽ ወይም ከእንጨት የተሠራ ጡብ በእጅ ሥር ሲደረግ መሬቱ ወደ ሰውየው ይቀርባል፤ ቅድም ያነሣናት ሴት ሁለት ጡብ ቢሰጣት ኖሮ እግሯ የሚያልፍበት ክፍተት ባገኘች ነበር። እጁ እግሩ ላይ የማይደርስለት ሰው እንደ መቀነት በረዘመ ማሰሪያ ይያያዛል። በእጁ ላይ ክብደት ሲያርፍ አንጓውን የሚያመው ሰው መዳፉን ግድግዳ ወይም የወንበር መቀመጫ ላይ ያሳርፋል። በጀርባው ሲንጋለል ደረቱ የሚከብደውና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ጀርባውንና ራሱን በትራስና በታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ ያደርጋል። ወንበሩም ጠንካራና የእጅ መደገፊያ የሌለው መሆን ይገባዋል፤ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ዳሌን ያጣብቃልና።

ሦስተኛ፤ የትምህርቱን ቅደም ተከተል ማሰናዳት ይማራል። ለብዙ ወፍራም ተማሪዎች ከአቋሙ ይልቅ የሚከብደው ከመሬት መነሣትና ወደ መሬት መውረድ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ ተነሡ፥ ተቀመጡ፥ ተኙ የሚል መምህር ተማሪውን የሚያደክመው በዮጋው አይደለም። የቆሙትን ልምምዶች በአንድ ወገን፥ የመሬቱን በሌላ ወገን ሰብስቦ፥ ለመነሻና ለመውረጃም በቂ ጊዜ መስጠት ይበቃል። በትከሻ ላይ ተዘቅዝቆ መቆምን የመሰለው አቋም የሰውነትን ክብደት በአንገት በኩል ያሳልፋል፤ ደረትና ሆድም ወደ ጉሮሮ ስለሚጫኑ ትንፋሽን ያፍናል። ስለዚህ በጀርባ ተኝቶ እግርን በግድግዳ ላይ ማሳረፍ መልካም ምትክ ነው።

አራተኛ፤ አንደበቱን መግራት ይማራል። «ያልቻለ እንዲህ ያድርግ» የሚለው ቃል ተማሪዎቹን በሁለት ይከፍላቸዋል። የሠለጠነ መምህር ጡቡንና ትራሱን ገና ከመጀመሪያው በሁሉም ምንጣፍ አጠገብ ያስቀምጣል፤ ራሱም በጡቡ እየተጠቀመ ያሳያል፤ ሁለት ወይም ሦስት መንገድ አቅርቦ «ትንፋሻችሁ የሚረጋበትን ምረጡ» ይላል። ያን ጊዜ መደገፊያ የያዘው ሰው የተሸነፈ መስሎ አይታይም። ደግሞም የመጣው ሁሉ ለመክሳት የመጣ አድርጎ መናገር፥ ከስቶ የተገኘውንም በሰው ፊት ማመስገን ትክክል አይደለም። ክብደት የሚቀንሰው በደስታ ብቻ ሳይሆን በሕመምና በሐዘንም ነው፤ ምስጋናው ያላሰቡትን ቁስል ሊነካ ይችላል።

አምስተኛ፤ እጁን መሰብሰብ ይማራል። በዮጋ ትምህርት መምህሩ የተማሪውን ሰውነት እየነካ ማስተካከሉ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ሳያስፈቅዱ መንካት ለማንም አይገባም፤ ይልቁንም በገላው ብዙ ጊዜ ያፈረ ሰው ሲነካ ይደነግጣል። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ፥ ሊነኩ የማይወዱትም ሰው ሳያያቸው የሚገልጹበትን መንገድ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፤ በዓይን አለመፍረድን ይማራል። ወፍራም ሁሉ ጀማሪ፥ ደካማ ወይም በሽተኛ አይደለም፤ ለ20 ዓመት የተለማመደ ሊኖር ይችላል። ቀጭን ሁሉም ጤነኛ አይደለም። የደም ግፊት ያለበት፥ ጉልበቱን የሚያመው፥ በዓይን ውስጥ ግፊት ምክንያት ራሱን ማዘቅዘቅ የማይገባው ሰው መኖሩ የሚታወቀው ለሁሉም እኩል፥ በምስጢር በመጠየቅ ነው። አስፈላጊ ሲሆንም ሐኪም እንዲያማክር መንገር የመምህሩ ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ በንግግር ብቻ አይገኝም። ሥልጠናው ግዙፍ ሰውነት ያላቸውን ሰዎች በልምምዱ ማስገባት፥ ይልቁንም ከእነርሱ መካከል የበቁትን አሠልጣኝ አድርጎ ደመወዝ ከፍሎ መሾም አለበት። በገላቸው የኖሩበትን ነገር ከእነርሱ የተሻለ የሚያስረዳ አይገኝምና።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው፥ አቋሙን መለዋወጥ ትውፊቱን ማፍረስ ነው የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነን ያ የ600 ፎቶግራፎች ባለቤት የአየንጋር ታሪክ ነው። አየንጋር በልጅነታቸው የሳንባ ነቀርሳ፥ የወባና የታይፎይድ ሕመም የተፈራረቁባቸው ደካማ ልጅ ነበሩ። በኋላ ዝናቸው በዓለም ሲነገር፥ በሽተኞችና ሽማግሌዎች ከአቋሙ ጥቅም እንዳይቀሩ በማለት ጡቡን፥ ማሰሪያውን፥ ገመዱንና ወንበሩን በዮጋ ትምህርት ውስጥ በሰፊው ያስገቡ እርሳቸው ናቸው። የክሪሽናማቻርያ ልጅ ዴሲካቻርም ዮጋ ለሰውየው ይስማማ እንጂ ሰውየው ለዮጋ አይገደድ የሚለውን የአባታቸውን ትምህርት ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረዋል። ስለዚህ ትምህርቱን በሰውነት ልክ መስፋት ትውፊቱን ማፍረስ አይደለም፤ ራሱ ከትውፊቱ ውስጥ የተገኘ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ ወፍራሞችን እንዲህ አድርጎ መቀበል ውፍረትን ማበረታታት ነው የሚል ነው። ከፍ ያለ ውፍረት ለስኳር በሽታ፥ ለደም ግፊትና ለመገጣጠሚያ ሕመም እንደሚያጋልጥ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን የሰው ክብደት በምግብና በስንፍና ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የዘር ውርስ፥ የሚወሰድ መድኃኒት፥ የእንቅልፍ ማነስ፥ የኑሮ ጭንቀትና የገቢ መጠን ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከዚህም በላይ እንቅስቃሴ ለውፍረት መድኃኒት ነው እያሉ ወፍራሙን ከእንቅስቃሴ ቤት ማስመለስ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው። መምህሩ ስለ ሰውየው ክብደት ፍርድ እንዲሰጥ አልተጠየቀም፤ ዛሬ የመጣውን ሰው ዛሬ ባለው ገላው እንዲያስተምረው ነው የተጠየቀው።

በእኛም አገር ነገሩ የራሱ መልክ አለው። በቀድሞው ልማድ ከረጅም ጊዜ በኋላ ያገኙትን ወዳጅ «ወፍረሃል፥ ተመችቶሃል» ማለት የደስታ ሰላምታ ነበር። አሁን በከተማ ያው ቃል በሌላ ድምፅ ሲነገር ወቀሳ ሆኗል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ የሚውል በመሆኑ፥ በማንኛውም ዓይነት ስፖርት ቢሆን ሰውነቱን ለማንቀሳቀስ የሚነሣው ሰው በበሩ ላይ በአቀባበሉ እንዳይመለስ ማሰብ የሁላችንም ጉዳይ ነው። አንድ ባልደረባችሁ «ከነገ ጀምሮ ልለማመድ ነው» ብሎ ሲነግራችሁ፥ ከመሳቃችሁ በፊት ያን ቃል ለመናገር ስንት ቀን እንደ ፈጀበት አስቡ።

ያችን ሴት መልሰን እንያት። ሌላ ማታ፥ ሌላ ክፍል ገባች እንበል። በምንጣፏ አጠገብ ሁለት ጡብ ተቀምጧል፤ በሁሉም ምንጣፍ አጠገብ ሁለት ሁለት ጡብ አለ። መምህሩ በጡቦቹ ላይ እጁን አሳርፎ እግሩን ወደ ፊት አመጣ፤ ተማሪዎቹም ተከተሉት። የእርሷም እግር አለፈ። ማንም አልዞረም፥ ማንም አላጨበጨበም። ትምህርቱ ሲያልቅ ምንጣፏን ጠቅልላ የሚቀጥለው ትምህርት መቼ እንደ ሆነ ጠየቀች። የአንድ መምህር ሥልጠና መልካም መሆኑ የሚታወቀው በዚህች ጥያቄ ነው።